የዋግ ድርቅና የዓለም ጭስ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ጨርሶ ቆላው ይቀበለዋል። ገብሱ ይቀርና ማሽላው ይመጣል፤ በጉ ያንስና ፍየሉ ይበዛል፤ በገደሉ ጥግ የዕጣን ዛፍ ይታያል። ጽጽቃ በዚህ ምድር ላይ የተቆረቆረች የዋጉ ዝቋላ ወረዳ ከተማ ናት። ዝቋላ፣ ሰሃላ፣ አበርገሌ፣ ፃግብጂ፣ ደሃና፣ ጋዝጊብላና ሰቆጣ በአንድነት ዋግ ኽምራን ይሠራሉ። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ሁለቱ ወራት ከሰመሩ አዝመራ አለ፤ ሁለቱ ወራት ከከሸፉ ዓመቱ ከሸፈ።

የዋግ ገበሬ የድንጋይ ከሰል አላነደደም፤ የፋብሪካ ጭስ ማውጫም አላቆመም። ሆኖም ሌሎች ያነደዱት የከሰልና የነዳጅ ጋዝ ከእርሱ ሰማይ በላይ ተከማችቷል። ዋግ ባለፉት አንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት ያሳለፋቸው ክፉ ዘመናትና ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ የታወቀበት ታሪክ ተለያይተው ሲነገሩ ኖረዋል። በጊዜ ቅደም ተከተላቸው አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ከሰማይ የመጣውንና ከሰው እጅ የመጣውን ለመለየት ይረዳሉ።

የመስታወቱ ቱቦና ክፉ ቀን

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ተራ አየር፣ ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበረበት፤ በሁለቱም ውስጥ ቴርሞሜትር ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ቱቦ ከሌላው ይበልጥ ሞቀ። ከፀሐይ ላይ ሲነሣም ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ፉት ከዚህ ተነሥታ የምድር አየር በዚህ ጋዝ ቢበዛ ምድር ትሞቃለች ስትል ጻፈች። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል ለንደን ላይ ምክንያቱን አሳየ። የፀሐይ ብርሃን በአየሩ ውስጥ አልፎ ምድርን ያሞቃል፤ ምድር መልሳ የምትለቀውን ሙቀት ግን የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዙታል። በብርድ ሌሊት የሰውን ገላ ሙቀት እንደሚይዝ ጋቢ፣ እነዚህ ጋዞች ምድርን ሸፍነው ያቆዩዋታል። ጋቢው ባይኖር ምድር በረዶ በሆነች ነበር፤ አደጋው ጋቢ ላይ ጋቢ ሲደረብ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ዋግ በራሷ ታሪክ ተጠምዳ ነበር። ዋግሹም ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ነገሡ፤ በ1863 አድዋ አጠገብ ተሸንፈው ዙፋኑ ወደ አፄ ዮሐንስ ዞረ። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ግን ከዙፋን ሽኩቻ የከፋ ነበር።

በ1880 ዓ.ም ዋዜማ የጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ወደ አገር ገባ። በሽታው ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋውን አዳረሰው፤ ከአገሪቱ ከብት የሚበዛውን ፈጀ። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ማረስ አልቻለም። በዚሁ መካከል ዝናብ ቀረ፤ ተረፈ የተባለውን ቡቃያ አንበጣና ተምች በላው። እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀውን ይህን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው። ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሦስተኛው እንዳለቀ ይገመታል። አፄ ምኒልክ በሬ በሌለበት አገር ሰው በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል።

የዚያ ዘመን ሰው ሊያውቀው ያልቻለው አንድ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. 1888 የኤልኒኞ ዓመት ነበር። ኤልኒኞ የሚባለው ከፔሩ ባሕር ዳርቻ ጀምሮ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚከሰት የአየር ንብረት መዛባት ነው። ያ ውሃ ሲሞቅ የዓለም ነፋስ መንገዱን ያዛባል፤ ለሰሜንና ለመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምትን የሚያመጣው የነፋስ ሥርዓትም ይደክማል። ኤልኒኞ ከሰው ጭስ በፊት የነበረ፣ ተፈጥሮ በየጥቂት ዓመቱ የምታመጣው ነገር ነው። ከዚህ በኋላ በዋግ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ክፉ ቀን ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊታቸውን ይዘው አድዋ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰለፉ። በሚቀጥለው ወር፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1896፣ ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ ለረጅም ጊዜ በእጁ ሲያሰላው የቆየውን ሒሳብ አሳተመ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን የምድር ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ይጨምራል አለ። የዛሬ ስሌት ከዚህ ዝቅ ያለ ቢሆንም መንገዱ ትክክል ነበር። የአሬኒየስ አገር ሰዎች ዜናውን አልፈሩትም፤ ለብርዳማ አገራቸው መልካም ይሆናል ብለው ያሰቡም ነበሩ።

ዜናው የዘገየበት ረሃብ

እ.ኤ.አ. በ1938 ጋይ ካለንደር የሚባል እንግሊዛዊ የእንፋሎት መሐንዲስ በዓለም ዙሪያ ካሉ 147 የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች የተመዘገበውን ሙቀት ሰበሰበ። ምድር መሞቅ መጀመሯን፣ ምክንያቱም ሰው የሚያነደው ነዳጅ መሆኑን ጻፈ። የሰሙት ሊቃውንት አላመኑትም። ያ ዘመን ለዋግ የጠላት ወረራ ዘመን ነበር። በመስከረም 1930 የፋሺስት ጦር የዋጉን አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ገድሎ የተቆረጠ ራሳቸውን ለሕዝብ መቀጣጫ አድርጎ አሳይቷል።

ክርክሩን ዝም ያሰኘው መለኪያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1958 ነው። ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ ማውና ሎኣ ተራራ ላይ፣ ከከተማና ከፋብሪካ በራቀ ስፍራ፣ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየዕለቱ መለካት ጀመረ። የመጀመሪያው ንባብ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 313ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አሳየ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ የልኬቱ መስመር በየዓመቱ ዛፎች ቅጠል ሲያወጡ ጥቂት ወረድ፣ ቅጠል ሲያረግፉ ጥቂት ከፍ እያለ፣ በጠቅላላው ግን አንድም ዓመት ሳያርፍ ሽቅብ ወጣ።

መለኪያው በተተከለበት ዓመት ትግራይ ውስጥ ረሃብ ገባ። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1958 ዓ.ም ተራው የዋግና የላስታ ሆነ። የ1957 ክረምት ኤልኒኞ ያጠቃው ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣ። ይህን ረሃብ ከመረሳት ያዳኑት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ ተጋላጭነት ባጠኑበት ሥራቸው የትግራይን፣ የዋግና ላስታን፣ ኋላም የወሎን ረሃብ መዝግበው አስቀመጡ።

ከመዘገቡት ሁሉ አንዱ ነገር ይበልጥ ያማል። ዋግ ያን ጊዜ በምትተዳደርበት በወሎ ከአንድ የገጠር ፖሊስ ጣቢያ ሰው በረሃብ እያለቀ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር እያለ፣ በየጠረጴዛው እየተመራና መሸኛ እየተጻፈለት ተጓዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀበት። የወረደው ትእዛዝም የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጣርቶ ይቅረብ የሚል ነበር።

302 ቀን አንድ ሙሉ የእርሻ ዘመን ነው። ዘሩ ይበላል፤ በሬው ይሸጣል፤ ቤተሰቡ ይበተናል፤ አዛውንቱና ሕፃኑ ይሞታሉ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ስዩኩሮ ማናቤ የሚባል ጃፓን ተወላጅ ሊቅ በአሜሪካ አገር በኮምፒውተር ሲያሰላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር በ2 ዲግሪ ገደማ እንደምትሞቅ አገኘ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሙቀት ማስላት በቻለበት ዘመን የወሎ መንግሥታዊ ቢሮ የዘንድሮውን ረሃብ ዜና አዲስ አበባ ማድረስ አልቻለም ነበር።

ከስልሳ አምስት እስከ ሰባ ሰባት

እ.ኤ.አ. በ1972 ኤልኒኞ ተመለሰ። በ1965 ዓ.ም የወሎ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ወደ ደሴ አውራ ጎዳና ወጣ፤ መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። መንግሥት ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቀረፀው ፊልም ዓለም ጉዱን አየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለወደፊቱ ችግሩን ቀድሞ የሚያውቅና የሚረዳ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንም ተቋቋመ።

ኮሚሽኑ ማስጠንቀቁ አልቀረም። ጉድለቱ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1982 እና የ83 ኤልኒኞ በዘመኑ ከታዩት ሁሉ የበረታ ሆነ። የ1976 ክረምት በሰሜኑ ክፉኛ ጎደለ። በዚያ ላይ ዋግ በመንግሥት ጦርና በአማፅያን መካከል ተሰንጥቃ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እህል ከገበያ ወደ ገበያ አይሻገርም፤ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ አይወጣም፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር አይሄድም። የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብሩ የዋግ ሰው ልጆቹን አዝሎ ወደ ኮረም የእርዳታ መጠለያ እየተጓዘ ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያዡ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሡት ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። በነጭ ኩታ ተሸፍኖ በብርድ ውስጥ የተኮማተረው፣ ጠዋት ጠዋት ሬሳው የሚለቀመው ሕዝብ ከትግራይ፣ ከራያና ከዋግ የመጣ ነበር። የሟቹን ቁጥር አንዳንዶች 400 ሺህ፣ ሌሎች አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል። ከዚያ ደግሞ ሠፈራው መጣ፤ ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ አገር ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጎጃምና ከፋ ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የተጫነም ነበር።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሰሃራ በስተ ደቡብ ተያይዞ ያለው ምድር ደርቆ ነበር። ሊቃውንት ኋላ ሲመረምሩት የውቅያኖሶች ሙቀት መዛባት ዋነኛው ምክንያት ሆኖ አገኙት። ለመዛባቱም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ከድንጋይ ከሰል የወጣው የሰልፈር ብናኝ ድርሻ እንዳለው ደረሱበት። ብናኙ የፀሐይን ብርሃን መልሶ የምድርን ሰሜናዊ ገጽ ሲያቀዘቅዘው የሐሩር ዝናብ መስመር ወደ ደቡብ ይገፋል። እነዚያ አገሮች የአሲድ ዝናብ ደናቸውን ሲጎዳው ብናኙን በሕግ ቀነሱት፤ በአፍሪካም ዝናቡ በከፊል ተመለሰ። እንግዲህ የሩቅ አገር ጭስ የአፍሪካን ገበሬ ሰማይ ሊነካ እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደ ብናኙ በሳምንታት ውስጥ ከአየር አይወርድም፤ ከሚወጣው ጉልህ ድርሻ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል።

ድርድርና እርከን

እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1988 ጄምስ ሃንሰን የተባለው የናሳ ሳይንቲስት በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ የሙቀቱ መጨመር መጀመሩን መሰከረ። በዚያው ዓመት የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠና የጋራ የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ከሁለት ዓመት በኋላ አጸደቀችው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኪዮቶ ላይ የበለጸጉት አገሮች ጭሳቸውን ለመቀነስ ቃል ገቡ፤ ትልቋ ባለዕዳ አሜሪካ ግን ሳታጸድቀው ቀረች።

ዋግ ውስጥ በእነዚያው ዓመታት ጦርነቱ ቆሞ የጥገና ሥራ ተጀምሮ ነበር። ዋግ ኽምራ የብሔረሰብ አስተዳደር ሆነ። ሰቆጣ ላይ ዝናብ አጠር ለሆነ እርሻ የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። በ1997 ዓ.ም ሴፍቲኔት ሲጀመር ደግሞ አሠራሩ ተለወጠ። ቀድሞ በየዓመቱ ረሃብ ከገባ በኋላ የሚለመን እርዳታ ነበር፤ አሁን ዘወትር እህል የሚጎድለው ቤተሰብ አስቀድሞ ተለይቶ በዓመት ለስድስት ወር ያህል እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። ሥራው እርከን መሥራት፣ ክትር መሥራት፣ የተራቆተውን ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ ማሳረፍ ነው። በጥርና በየካቲት የዋግ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተራራውን ደረጃ በደረጃ አሰረው። በተከለሉ ተራሮች ላይ ሳሩ ተመለሰ፤ ከሥራቸውም የደረቁ ምንጮች የፈለቁባቸው ስፍራዎች አሉ።

በ2002 ዓ.ም መጀመሪያ በተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተጠናቆ 300 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጨት ጀመረ። የግድቡ ውሃ ወደ ኋላ ተኝቶ የዝቋላንና የአበርገሌን ቆላ ነካ። ፍየል ጠባቂ የነበረው ወጣት ጀልባና መረብ ይዞ ዓሣ ማስገር ተማረ። ከባሕር ሩቅ በሆነው አገር፣ በድርቅ ስሙ በታወቀ ወረዳ፣ ዓሣ ሽያጭ የቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ። ነገር ግን ሐይቁ ታች ነው፤ ማሳው ላይ ነው። ውሃውን ወደ ማሳው ማውጣት ገንዘብና ኃይል ይጠይቃል፤ ብዙው ገበሬ ሐይቁን እያየ ዝናብን ይጠብቃል።

ግድቡ በተጠናቀቀ በወሩ አቶ መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ተደራዳሪ ሆነው ኮፐንሃገን ላይ ቀረቡ። የበለጸጉት አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። የተባለው ገንዘብ የሞላው ቀነ ገደቡ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የሚበዛውም ብድር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ስታወጣ የራሷን ጋዝ ቆጥራ አስቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ2010 የለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ይህም ከዓለም ድምር 0.3 በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ጭፍጨፋ የሚወጣ ነው። ከብት ሲያመሰኳ የሚለቀው ሚቴንም በዚሁ ውስጥ ተቆጥሯል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ የደን ምንጣሮና የከብት አያያዝ የራሳችን ሥራ ነው። የሰማዩን ጋቢ የደረበው ግን ይህ አይደለም።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን

ሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም በኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የምግብ እጥረትና መቀንጨር እንዲያበቃ ቃል ገባ። ቃል ኪዳኑ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። የሰባ ሰባቱን መከራ ያየችው ከተማ ስሟ በተስፋ ሰነድ ላይ ተጻፈ፤ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ተጀመረ።

ቃሉ በተገባበት ክረምት ኤልኒኞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1982ቱና ከ1997ቱ ጋር የሚወዳደር ኤልኒኞ ነበር። በምሥራቅ አማራ፣ በትግራይ፣ በአፋርና በሶማሌ ዝናቡ ቀረ። በ2008 ዓ.ም 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። እንደ ሰባ ሰባቱ ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። መንገድ ነበር፤ ሴፍቲኔት ነበር፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሕፃናትን ትለካ ነበር፤ መንግሥት ከራሱ ካዝና እህል ገዝቶ አስገባ፤ ከሁሉም በላይ ጦርነት አልነበረም። የዝናቡ ጉድለት ከሰባ ሰባቱ ዘመን ጋር የሚስተካከል፣ በአንዳንድ ስፍራም የሚብስ ሆኖ ሳለ ሰው ተረፈ። ከዋግ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ዓመት ነው።

ዓለም አቀፍ ሊቃውንት ያን ድርቅ ሲመረምሩ ኤልኒኞ እንዳባባሰው አረጋገጡ። በዝናቡ መጠን ላይ የአየር ንብረት ለውጥ አሻራ ግን በግልጽ አልታያቸውም። ይህን በታማኝነት መናገር ይገባል፤ የዋግ ክረምት ከጥንትም የሚዋዥቅ ነው። ሙቀቱ ግን አያከራክርም። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። የሌሊቱ ሙቀት ደግሞ በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ከፍ ማለቱን የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ መዝግቧል።

ሙቀት ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ በማሽላ ይታያል። የዱሮው ማሽላ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨድ፣ እህሉ ብዙ፣ አገዳው ለከብት ቀለብና ለማገዶ የሚበቃ ነበር። የግንቦቱ ዝናብ ካልመጣ የተዘራው ይደርቃል፤ ገበሬው ጥቂት ይጠብቅና በሰኔ መጨረሻ ቶሎ የሚደርሰውን አጭር ማሽላ ይዘራል፤ እህሉም አገዳውም ያንሳል። እሱም ካልበቀለ ማሳውን ገልብጦ ጤፍ ወይም ማሾ ይሞክራል። ሦስት ጊዜ ዘር አጠፋ፤ ሦስት ጊዜ በሬ ተከራየ። በዚህ ላይ አየሩ በሞቀ ቁጥር ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚጠጣው ውሃ ይጨምራል። ያው የዱሮው ዝናብ በልኩ ቢዘንብ እንኳ ቀድሞ ለአሥር ቀን እርጥብ ይቆይ የነበረው ማሳ ዛሬ ቶሎ ይደርቃል። ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲያቋርጥ ማሽላው ፍሬ በሚቋጥርበት ሰዓት ይጠወልጋል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ስለሚሸከም ሲዘንብ ደግሞ በኃይል ይዘንባል፤ የተራቆተውን ተዳፋት አፈር ጠርጎ ተከዜ ይከተዋል።

አንበጣ፣ ጦርነት፣ ድርቅ

ከ2012 እስከ 2016 ያሉት ዓመታት ለዋግ ፋታ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ በዝናብ አጥለቀለቁት፤ የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ እንዲህ ያለውን ዝናብ ያበረታዋል። በእርጥቡ አሸዋ የተፈለፈለው አንበጣ በ2012 እና በ2013 የምሥራቅ አማራን የደረሰ እህል በላ።

በጥቅምት 2013 መጨረሻ በሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ፤ ከተማዋ እስከ 2014 ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። አበርገሌና ፃግብጂ ከዚያም በኋላ ስላልተለቀቁ ሕዝባቸው ተፈናቅሎ ሰቆጣ አጠገብ በወለህ መጠለያ በድንኳን ሰፈረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ተፈናቃዩ ሲመለስ በሬ የለውም፤ ዘር የለውም፤ ጤና ጣቢያው ተዘርፏል።

የ2015 ክረምት ደግሞ የኤልኒኞ ክረምት ሆነ። በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። የከብቱ መኖ አለቀ፤ ገበሬው ፍየሉንና ላሙን ይዞ ሣርና ውሃ ፍለጋ ወጣ፤ ብዙው ከብት በመንገድ ሞተ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ስለፈነዳ መንገዱ እንደገና ተዘጋ፤ የእርዳታ እህልም ከዓላማው ውጭ ይውላል ተብሎ በአገር ደረጃ ታግዶ ነበር። ጽጽቃ አካባቢ የደረሰውን ችግር ያባባሰው ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው። ዝናብ ያጣ ዓመት፣ በጦርነት የተራቆተ ቤት፣ የቆመ እርዳታና የተዘጋ መንገድ በአንድ ጊዜ ተገናኙ።

በዚያን ጊዜ የኪሊንግ መስመር 420ን አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. 2024 በታሪክ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሆነ፤ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከነዳጅና ከከሰል ብቻ ቢቆጠር አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ግን የአንድ ቶን ሩብ እንኳ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ አገሮች የኪሳራና የጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይሰበሰባል። ይህ ለኢትዮጵያ ክብር ነው፤ ከክብሩ በላይ ግን ዕድል ነው። ወደዚያ ጉባኤ የሚቀርበው ሰነድ የዋግን መዝገብ መያዝ አለበት። የጠፋው ዘር፣ ያለቀው ከብት፣ የሞቀው ሌሊት፣ የደረቀው ማሽላ በየወረዳው ተቆጥሮና ተለክቶ ይቅረብ። በድርድር ፊት ካሣ የሚጠየቀው በመረጃ ነው፤ መረጃ የሚገኘው ደግሞ በጽጽቃና በመሰሎቿ የዝናብና የሙቀት መለኪያ ጣቢያ ሲኖርና በየዕለቱ ሲነበብ ነው።

የበለጸገው ዓለም ጭሱን እስኪያቆምና ዕዳውን እስኪከፍል ግን የራሳችን ሥራ ሊቆም አይገባውም። የ1958ቱ ደብዳቤ፣ የሰባ ሰባቱ የተዘጋ መንገድና የ2008 የተረፈ ሕዝብ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ዝናብ መቅረቱን ማስቀረት አንችልም፤ ሰው በረሃብ እንዳይሞት ማድረግ ግን እንችላለን፤ አድርገንም አይተነዋል። ተከዜን ወደ ማሳ የሚያወጣ ፓምፕ፣ በሰኔ ገበሬው እጅ የሚገባ ቶሎ የሚደርስ ዘር፣ የተከለለው ተራራ ጥበቃ፣ ከሁሉም በፊት ሰላም። ይህን ለዋግ ሰው ማድረስ ያለብን መንግሥትም፣ ምሁርም፣ ነጋዴም፣ በውጭ ያለ ወገንም ነን። ከአሁን በኋላ ክረምቱ እንደሚዛባ አስቀድሞ ተነግሮናል፤ አላወቅንም ብሎ ማመካኘት አይቻልም።